ሳይጻፍ የቀረው አንቀጽ

እንደምን አመሻችሁ።

የጋበዙኝ ልጆች «መንፈሳዊ ነገር በስልክ ለሚጽፉ ሰዎች አንድ ነገር በል» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ዲያቆንም ሆኜ አላውቅም። ፊላዴልፊያ ስኖር ግን አንድ እሑድ የሥራ ባልደረባዬን ተከትዬ ኩዌከሮች የሚባሉ ክርስቲያኖች ዘንድ ሄድኩ። ጉድ ለማየት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ቅዳሴ ሳልቀር ማለቴ ነው። ይህን ንግግር እናቴ ልታነበው ስለምትችል ቀድሜ ግልጽ ላድርግ።

ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነሱ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ቤቱ ውስጥ ሥዕል የለም። መስቀል የለም። ሻማም፣ ቄስም የለም። የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። የመጀመሪያ ቀን «መቼ ነው የሚጀመረው?» እያልኩ ስጠብቅ ለካ ከተጀመረ ቆይቷል። የአንድ ሰው ሆድ ሲጮህ ይሰማል። የኔ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ አንዲት አሮጊት የፊቱን ወንበር ተደግፈው ተነሡ። ስለታመመ ጎረቤታቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ተቀመጡ። ማንም አሜን አላለም። ማንም መልስ አልሰጠም። ዝምታው ተመልሶ መጣ፤ ግን ያ የቀድሞው ዝምታ አልነበረም። ሰዓቱ ሲሞላ አንድ ሰው ጎኑ ያለውን ሰው ጨበጠ። ሁሉም ተጨባበጠ። ከዚያ ቡና ሆነ። ቡናቸው ቀጭን ነው፣ ይቅር ይበላቸው።

እምነታቸው በአጭሩ እንዲህ ነው። የእግዚአብሔር ብርሃን በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አለ። ስለዚህ መንፈስ ያነሣሣው ማንም ሰው ተነሥቶ መናገር ይችላል፤ ወንድ፣ ሴት፣ ልጅ ሳይባል። አገልግሎት የሚሉት ይህንን ነው። ታዲያ እንዲህ ከሆነ ሁሉም ለምን አይነሣም? እኔም ጠየቅሁ። ከመነሣትህ በፊት ራስህን ትመረምራለህ አሉኝ። ይህ ነገር ከየት መጣ? ለእኔ ነው ወይስ ለሁላችን? ለሁላችን ከሆነስ፣ ጊዜው ዛሬ ነው? ብዙዎቹ «ልብህ ይመታል፣ መቀመጥ ያቅትሃል» ይላሉ። ሳይመረምር የተነሣውን ሰው «መሪውን ቀድሞ ሮጠ» ይሉታል። ይህን አባባል ከሰማሁ ወዲህ ስልኬን ባነሣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ጽሑፍ ልምጣ። እንዲህ ዝምታን የሚወዱ ሰዎች ብዙ ይጽፋሉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? እኔ አልጠበቅሁም። እነሱ ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ ጽሑፍ በጽሑፍ ናቸው።

መሥራቹ የሚባለው ጆርጅ ፎክስ በ1624 እንግሊዝ ውስጥ ተወለደ። በ1650 ደርቢ ላይ ችሎት ፊት ቀርቦ «በጌታ ቃል ተንቀጥቀጡ» ቢላቸው፣ ዳኛው በማሾፍ «ተንቀጥቃጭ» አለው። ኩዌከር ማለት ይኸው ነው። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት «ወዳጆች» ብለው ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛም እንደኛው «አንተ» እና «እርስዎ» ነበረው። ወዳጆቹ ባላባቱንም ዳኛውንም እኩል «አንተ» አሉ። ባርኔጣም አናወልቅም አሉ። እኛ ሰፈር ቢሆን ነገሩ በጥፊ ያልቅ ነበር። እነሱ ግን እስር ቤት ገቡ፣ ደጋግመውም ገቡ።

እስር ቤት ያለ ሰው ጉባኤ መሐል ተነሥቶ መናገር አይችልም። ስለዚህ ይጽፋል። ደብዳቤዎቹ በብዛት የሚሄዱት ማርጋሬት ፌል የምትባል ወዳጅ ቤት፣ ሰሜን እንግሊዝ ስዋርዝሙር የሚባል ቦታ ነበር። እዚያ ይነበባሉ፣ በእጅ ይገለበጣሉ፣ ወደ ሌሎች ይላካሉ። የዚያ ዘመን ፎርዋርድ በሉት። እሷም በተራዋ ታሰረች። በ1666፣ እስር ቤት ሆና፣ ሴቶች በጉባኤ የመናገር መብት እንዳላቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሰች ጽፋ አሳተመች። ዝም በይ የተባለች ሴት፣ የታሰረች ሴት፣ «መናገር እንችላለን» ስትል በጽሑፍ!

ጽሑፍን ግን ይፈሩት ነበር። በ1656 ባልቢ ላይ የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ለጉባኤዎቹ የምክር ደብዳቤ ላኩ። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ድሆች፣ ስለ ንግድ ዝርዝር ምክር ሰጡ። መጨረሻው ላይ ምን አሉ? ይህን እንደ ሕግ አትያዙት፣ «ፊደል ይገድላልና፥ መንፈስ ግን ሕይወትን ይሰጣል»። ጽፈው ሲያበቁ የጻፉትን አታምልኩ አሉ። እኔ በበኩሌ ይህን ዓረፍተ ነገር የፌስቡክ ገጼ አናት ላይ መለጠፍ ያምረኛል።

በ1673 ደግሞ ለንደን ውስጥ አንድ ጉባኤ ተቋቋመ። በወዳጆች ስም የሚታተም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት እዚያ ይነበባል። የፎክስ የራሱ ጽሑፍም ቢሆን! ስሙ «የሁለተኛው ቀን የጠዋት ጉባኤ» ነው። የቀናቱ የእንግሊዝኛ ስሞች ከጣዖት የመጡ ናቸው ብለው ስለተዉአቸው ሰኞን «ሁለተኛ ቀን» ይሉታል። እዚህ ላይ እኛ አንደነቅም። የኛው ሰኞ ከግእዙ ሰኑይ የመጣ ነው፤ ሰኑይም ሁለተኛ ማለት ነው። ሳናውቀው በየሳምንቱ ኩዌከር ነን።

አሁን ልነግራችሁ ወደፈለግሁት ሰው ደረስኩ።

ጆን ዉልማን በ1720 ኒው ጀርሲ ተወለደ። ወጣት ሳለ አንድ ነጋዴ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እጁ ለጽሕፈት የተቃና ነው። አንድ ቀን አሠሪው «አንዲት ጥቁር ሴት ሸጫለሁና ውሉን ጻፍ» አለው። ገዢው ቆሞ ይጠብቃል። ሽማግሌ ናቸው፣ ያውም ወዳጅ ናቸው። ዉልማን ደነገጠ። ግን አሠሪው ነው ያዘዘው፣ ገዢውም የተከበሩ ሰው ናቸው። ጻፈው። ጽፎ ሲያበቃ «ባሪያ መያዝ ከክርስትና ጋር የሚሄድ አይመስለኝም» አላቸው። ትንሽ ቀለለው። ሙሉ በሙሉ ግን አልቀለለውም። ምነው ይቅርብኝ ባልኩ ኖሮ ብሎ በማስታወሻው ላይ አስፍሯል። ቆይቶ ሌላ ወጣት ወዳጅ እንዲሁ ውል ጻፍልኝ ሲለው አልጽፍም አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። ጎረቤቱ ክፉኛ ተጎድቶ አልጋ ላይ ዋለ። ደም እንዲያወጣለት ዉልማንን አስጠራው፤ የዚያ ዘመን ሕክምና ነው። ያ ሲያልቅ ኑዛዜዬን ጻፍልኝ አለው። ሰውየው ከሚያወርሰው ንብረት መካከል አንዲት ባሪያ አለች። ዉልማን ብዕርና ወረቀት ይዞ ማስታወሻ ወሰደ። ኑዛዜውን ሁሉንም ጻፈ። የእሷን አንቀጽ ብቻ ተወ። ይዞለት ሄደና አልጋው አጠገብ ሆኖ አነበበለት። ከዚያም በለሰለሰ ቃል፣ ሰው ባሪያ የሚሆንበትን ጽሑፍ ብጽፍ ሕሊናዬ ይታወካል፣ ለጻፍኩትም ምንም አላስከፍልህም፣ የቀረውን ግን ይቅር በለኝ አለው። ተነጋገሩ። ሰውየው ነፃ ላውጣት አለ። ዉልማን ያን ጊዜ ኑዛዜውን ጨረሰለት።

እኔ ስለ ጽሑፍ አገልግሎት ስጠየቅ የሚታየኝ ይህ ክፍል ነው። በሽተኛው፣ ወረቀቱ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለው አንቀጽ። ስብከት የለም። ስድብ የለም። ሰውየውን ሕዝብ ፊት አላቆመውም። ሄዶ ፊቱን እያየ ነው የነገረው።

ዉልማን ስለ ባርነት የጻፈውን የመጀመሪያ ድርሰት ደግሞ አላጣደፈውም። በ1746 ወደ ደቡብ ተጉዞ ሲመለስ ገደማ የጻፈውን ለአባቱ አሳየ፣ አስቀመጠ። በ1750 አባቱ ሊሞቱ ሲሉ ያ ጽሑፍ ምን ደረሰ ብለው ጠየቁት፤ እንዲያሳትመውም አበረታቱት። የወዳጆች የኅትመት ተቆጣጣሪዎች አዩት፣ ጥቂት አስተካከሉ። የወጣው በ1754 ነው። ስምንት ዓመት ገደማ! እኛ «ድራፍት» የምንለው ስምንት ደቂቃ ቢቆይ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ክፍል በ1762 ሲወጣ በዓመታዊ ጉባኤው ገንዘብ አሳትመን በነፃ እናድልልህ አሉት። እምቢ አለ፣ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። አንደኛ፣ ገንዘቡ ውስጥ የባሪያ ጌቶች መዋጮም አለበት፤ እነሱ ደስ አይላቸውም። ሁለተኛ፣ የገዛ ሰው የተሻለ ያነባል። ይቺን ሁለተኛዋን አታሚ ወዳጆቼ እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ብቻውን ከሆነ ግን አታልያችኋለሁ። ምክንያቱም ቤንጃሚን ሌይ የሚባል ሰው አለ።

ሌይ ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው የጎበጠ፣ መርከበኛ የነበረ፣ ፊላዴልፊያ አጠገብ ዋሻ ውስጥ የሚኖር ወዳጅ ነበር። ባሪያ የሚይዙትን ሁሉ ከሃዲ የሚል መጽሐፍ ጽፎ ማንንም ሳያስፈቅድ በ1737 አሳተመ። ያተመለት ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፤ ፍራንክሊን ብልጥ ስለሆነ ስሙን አላሰፈረበትም። በ1738 ሌይ በርሊንግተን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ገባ። ካባው ሥር የወታደር ልብስና ሰይፍ አለ። መጽሐፍ ይዟል፤ መጽሐፉ ውስጡ ተቦርቡሮ ቀይ የፍሬ ጭማቂ የሞላው ፊኛ ተደብቆበታል። ተናግሮ ሲያበቃ በሰይፉ ወጋው። ደም የመሰለው ነገር ሰው ላይ ተረጨ። ተሸክመው አወጡት። በዚያው ዓመት አካባቢ ከአባልነትም ሰረዙት።

ታዲያ ማን ነበር ትክክል? ሌይ ነበር። መርማሪዎቹ ራሳቸው ባሪያ ሲኖራቸው ምርመራው ምን ይሆናል? በ1758 ዓመታዊ ጉባኤው ባሪያ የሚገዛና የሚሸጥ አባል ከጉባኤው ሥራ እንዲገለል ወሰነ። ዉልማን እዚያ ተናግሯል። ሌይ ወሬውን ታሞ ሳለ ሰማ፣ አሁን በሰላም ልሞት እችላለሁ አለ ይባላል። በዓመቱ ሞተ። ባሪያ መያዝ ጨርሶ የተከለከለው በ1776 ነው። ሌይ ይኖርበት በነበረው አቢንግተን ያለው ጉባኤ «ከሌይ ጋር አንድ ነን» የሚል ቃለ ጉባኤ የጻፈው ከተሰረዘ 280 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው።

ስለዚህ «ሁልጊዜ ቆዩ፣ ሁልጊዜ አስመርምሩ» ልላችሁ አልችልም። ሌይ ቢጠብቅ ኖሮ ተቆጣጣሪዎቹ እስከ መቃብር ያስጠብቁት ነበር። እኔ የማየው ልዩነት ሌላ ነው። ሌይ ባርባዶስ በምትባል ደሴት ኖሮ ስኳር በባሪያ ደም እንደሚመረት ስላየ ስኳር አይቀምስም ነበር። ዉልማንም በባሪያ ጉልበት የተመረተ ስኳር ተወ፣ ቀለም ያልተነከረ ልብስም ይለብስ ነበር። ሁለቱም የጻፉትን ለብሰውታል፣ በልተውታል። ስለሌላ ሰው ኃጢአት የጻፉት ከራሳቸው ጓዳ ጀምረው ነው።

እኔስ? ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ስለ አንድ የማውቀው አገልጋይ ጻፍኩ። ስሙን አልጠራሁም፤ ግን ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። ልቤ ይመታ ነበር። መንፈስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ንዴት ነው። ጠዋት ስነሣ ሰው ተቀባብሎታል። ከሰዓት በኋላ የሰማሁት ወሬ ውሸት መሆኑን አወቅሁ። አጠፋሁት። ግን ስክሪንሾቱ ዛሬም ይዞራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው። ልጁ ግን በሚቀጥለው እሑድ በር ላይ አገኘኝና ሰላም አለኝ። የሱ ሰላምታ ነው የገደለኝ።

ያን ቀን የመሰብሰቢያ ቤቱ ወንበር ትዝ አለኝ። እዚያ ቤት ብናገረው ኖሮ ልጁን አየው ነበር። ከተናገርኩ በኋላም ዝምታ ይሆን ነበር፤ ላይክ የሚሰጠኝ የለም። ዛሬ ወዳጆችም እንደኛው በስልክ ይጽፋሉ፤ ተነሥቶ እንደመናገር የሚቆጥሩትም አሉ። በ2020 ወረርሽኝ ሲመጣ አምልኳቸው ራሱ ዙም ላይ ገባ። ዝምታን በዙም አስቡት! «ድምፅህን ዝጋ» የሚል ሰው አያስፈልግም።

አንድ ነገር ላሳያችሁና ላብቃ። የሥራ ጉባኤያቸው ላይ ድምፅ አይሰጥም። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይጽፋል፤ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። የብዕር ድምፅ ትሰማላችሁ። ከዚያ ያነበዋል። አንድ ቀን «ይገባቸዋል» የሚል ቃል ነበረበት። አንድ ሰውዬ ከኋላ «እኛስ አይገባንም?» አሉ። ጸሐፊው ሰረዘ፣ «ይገባናል» ብሎ ጻፈ፣ እንደገና አነበበ። ያቺን ሁለት ፊደል ለመቀየር ሩብ ሰዓት ፈጀ። እኔ ያኔ ሰዓቴን አይ ነበር።

በነገራችን ላይ ኩዌከር ሁሉ ዝም ይላል ብላችሁ እንዳትሄዱ። ከየትኛውም ሀገር ይልቅ ብዙ ኩዌከሮች ያሉት ጎረቤታችን ኬንያ ነው። በ1902 ካይሞሲ ላይ ተጀመረ፤ እዚያ ፓስተር አለ፣ መዝሙር አለ። እኛም ጋ መጥተዋል። በ1940ዎቹ የወዳጆች አምቡላንስ ክፍል ወጣቶች ኢትዮጵያ ውስጥ በሕክምና አገልግለዋል። ያ ሌላ ንግግር ነው።

እኔ ስልኬ ውስጥ ከፋሲካ ጀምሮ የተቀመጠ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለዚያ ልጅ ነው፣ ይቅርታ ነው። ስምንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ሳነበው ግማሹ ስለ እኔ ትሕትና ሆኖ አገኘሁት። እሱን ክፍል አወጣሁት። የቀረችው አራት መስመር ናት። ለሕዝብ ትሁን ወይስ ለሱ ብቻ ገና አልወሰንኩም። ሰኞ ለአንድ ወዳጄ አነብለታለሁ።

አመሰግናለሁ።