የጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ዜና፦ ስደተኛ ሲቀበሉ የኖሩት ኤፒስኮፓሎች ዛሬ ምን ላይ ናቸው?

(ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ። የተቀረጸው በኖቬምበር 2025 የመጀመሪያ ሳምንት፣ በዋሽንግተን አካባቢ። ዓመቶቹና ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ወሬያችን ከሰፈር ነው። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ሃያትስቪል የምትኖሩ ሁሉ፣ ልብ ብላችሁት አታውቁ ይሆናል እንጂ የምትኖሩት በአንድ ሀገረ ስብከት ክልል ውስጥ ነው። የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን የዋሽንግተን ሀገረ ስብከት ይባላል።

ዳንኤል፦ ዲሲን ይይዝና በሜሪላንድ በኩል ሞንትጎመሪን፣ ፕሪንስ ጆርጅስን፣ ቻርልስንና ሴንት ሜሪስን ያካትታል። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ያላችሁት ደግሞ የቨርጂኒያ ሀገረ ስብከት ውስጥ ናችሁ። ወንዙ ነው የሚለያችሁ።

ሜሮን፦ ለማያውቃቸው በአጭሩ እነማን እንደሆኑ ንገርልኝ፣ ዳኒ።

ዳንኤል፦ ኤፒስኮፓሎች በአሜሪካ ያሉት አንግሊካኖች ናቸው፣ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመነጩት ማለት ነው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ስትለይ እነሱም የራሳቸውን አስተዳደር አቆሙ። ጳጳስ አላቸው፣ ቄስና ዲያቆን አላቸው፣ ቅዳሴ አላቸው። ከኛ ሰው ወደነሱ የገባ፣ ኦርቶዶክሱ «ይሄ ሥርዓት አለው» ይላል፣ ፕሮቴስታንቱ ደግሞ «ስብከቱን ሰማሁት» ይላል። በሴቶች ክህነትና በጋብቻ ጉዳይ ግን አብዛኛው አድማጫችን ከነሱ ጋር አይስማማም። ይሄን ደብቀን አንሄድም።

ሜሮን፦ አንደብቅም። ግን እኛን ከነሱ ጋር የሚያገናኘን ሌላ ታሪክ አለ፣ እሱም ስደት ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ የምንቆየውም እዚያ ላይ ነው። እናትና አባቴ በ80ዎቹ ከሱዳን ሲመጡ አየር ማረፊያ ላይ የጠበቋቸው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩ። ስፖንሰሮቻቸው ማለት ነው። ጥር ላይ ነው የደረሱት። አባቴ በነጠላ ጫማ ነበር፣ ሴትዮዋ የባሏን ካፖርት ይዛ መጥታ እዚያው አለበሰችው። አፓርታማው ውስጥ ፍራሽ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ የሕፃን ወተት ሳይቀር ተዘጋጅቶ ነበር። እናቴ እስከዛሬ ስታወራ ድስቱን አትዘልም።

ዳንኤል፦ የብዙ ሰው ታሪክ ነው ይሄ። በ1980 የስደተኞች ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከሱዳን ካምፖች የመጣው የኛ ሰው ቤት ያገኘውም፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያስመዘገበውም በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን እጅ ነው። ኤፒስኮፓሎቹም ለዚሁ ሥራ የፍልሰተኞች አገልግሎት የሚባል ክፍል ነበራቸው። ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው ወደ 40 ለሚጠጉ ዓመታት ወደ 110 ሺህ የሚጠጋ ስደተኛ አስፍረዋል። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከኮንጎ፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከየአገሩ።

ሜሮን፦ ያ ውል በሴፕቴምበር መጨረሻ አለቀ። የዚህ ዓመት ትልቁ ዜናቸው እሱ ነው።

ዳንኤል፦ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው እንናገረው። ጃንዋሪ 20፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን የስደተኛ ቅበላ እንዲቆም ትእዛዝ ወጣ። ለዓመታት ምርመራ አልፈው፣ ትኬት ተቆርጦላቸው የነበሩ ሰዎች በረራቸው ተሰረዘ። በማግሥቱ የሚበሩ፣ ዕቃቸውን ሸጠው የጨረሱ ሰዎች ነበሩ። ናይሮቢና አዲስ አበባ ውስጥ እንደዚህ የቀሩ አሉ፣ ሁላችንም አንድ ሁለት እናውቃለን። የቅበላ ድርጅቶቹም ገንዘብ ሲቋረጥባቸው ሠራተኛ መቀነስ ጀመሩ፣ ኤፒስኮፓሎቹም ቀነሱ።

ሜሮን፦ ከዚያ ሜይ መጣ።

ዳንኤል፦ ሜይ ላይ መንግሥት አንድ ቡድን ብቻ ለይቶ ፈቀደ፦ አፍሪካነር የሚባሉትን ነጭ ደቡብ አፍሪካውያን። ሜይ 12 ቀን የመጀመሪያዎቹ 59 ሰዎች ደለስ አየር ማረፊያ ደረሱ። እኛ ዘመድ የምንቀበልበት ደለስ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱም እነሱን እንድታሰፍር ተጠየቀች።

ሜሮን፦ የመላው ቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ፣ ሰብሳቢ ጳጳሱ ሾን ሮው በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፉ። አንቀበልም አሉ። ምክንያታቸው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዘር ፍትሕ የገባችው ቃል ነው። ሁለተኛው፣ ከደቡባዊ አፍሪካ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጋር ያላት ግንኙነት ነው። ያቺ የዴዝሞንድ ቱቱ ቤተ ክርስቲያን ናት እንግዲህ። አፓርታይድን ፊት ለፊት የተጋፈጠች ቤተ ክርስቲያን እህት ሆነው ይሄን ሥራ እንሠራለን ማለት አልቻሉም። ስለዚህ ውሉን በበጀት ዓመቱ መጨረሻ እንዘጋለን ብለው ወሰኑ፣ ዘጉትም።

ዳንኤል፦ እኔ እዚህ ጋ ትንሽ እከራከርሻለሁ። አቋማቸው ይገባኛል፣ አከብረዋለሁም። ግን ውል ስትተዪ ወንበሩንም ትተያለሽ። ነገ በሩ ሲከፈት ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ ኬዝ ወርከር፣ አስተርጓሚ፣ የቤት አከራይ ግንኙነት፣ ይሄ ሁሉ ተበትኖ ነው የሚገኘው። እንደገና ማቋቋም ዓመታት ይፈጃል።

ሜሮን፦ ልክ ነህ፣ ዋጋው ከባድ ነው። እኔ ግን ትክክል ወሰኑ እላለሁ። ካምፕ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት የጠበቀ ሰው አልፎ፣ ወረፋ ያልያዘውን ማስቀደም ያው አድልዎ ነው። በዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያን ፊርማዋን ብታኖርበት ነገ ለዚያ ለጠበቀው ሰው ምን ትለዋለች? ደግሞ አየህ፣ ባለፈው ሳምንት፣ ኦክቶበር 30 የወጣውን ቁጥር አይተሃል? ለዘንድሮ በጀት ዓመት የተፈቀደው 7,500 ሰው ነው፣ አብዛኛውም ለነዚያው ለአፍሪካነሮቹ። ከዚያ በፊት ጣሪያው 125 ሺህ ነበር።

ዳንኤል፦ አይቻለሁ። የተጣለው ተስፋ የስንት ሰው እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሜሮን፦ እዚህ ያሉትን ግን አልተዉም። ቀድሞ የገባውን ስደተኛ በሌላ መንገድ እንረዳለን ብለዋል። ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ ከሃያ በላይ ከሚሆኑ የክርስቲያንና የአይሁድ ተቋማት ጋር ሆነው መንግሥትን ከሰዋል፣ የኢሚግሬሽን ፖሊስ እንደልቡ ጸሎት ቤት አይግባ ብለው። ዳኛዋ አፕሪል ላይ ጊዜያዊ እግዱን አልሰጠቻቸውም። ይሄ እኛንም ይነካል። ቅዳሴ መሄድ የፈራ ሰው በኛም አብያተ ክርስቲያናት አለ።

ዳንኤል፦ ስለፍርሃት ካነሳሽ የጳጳሷን ስብከት ሳንጠቅስ አናልፍም።

ሜሮን፦ አናልፍም! ጳጳስ ማሪያን ባዲ። የዚህ ሀገረ ስብከት ዘጠነኛ ጳጳስ ናቸው፣ ከ2011 ጀምሮ። ሀገረ ስብከቱን እንዲመሩ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴትም ናቸው። ጃንዋሪ 21፣ በፕሬዚዳንቱ በዓለ ሲመት ማግሥት፣ በብሔራዊው ካቴድራል የጸሎት ሥነ ሥርዓት ነበር። ፕሬዚዳንቱ ከነቤተሰባቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጳጳሷ በስብከቱ መጨረሻ ላይ ለፈሩ ሰዎች ምሕረት ያድርጉ ብለው ለመኗቸው። ድምፃቸውን አላነሡም፣ አልተቆጡም። እነማን እንደፈሩም ዘረዘሩ፦ ሰብል የሚለቅሙት፣ ቢሮ የሚያጸዱት፣ ሬስቶራንት በልተን ስንወጣ ሳህን የሚያጥቡት፣ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ሽፍት የሚሠሩት።

ዳንኤል፦ የሌሊት ሽፍት ሲሉ እህቴ ትዝ አለችኝ። የተባለው ስለኛ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ትጠይቀኝ አሉ። እሳቸው ደግሞ ለሰው ምሕረት በመለመኔ ይቅርታ አልጠይቅም አሉ። ዛቻውም ስድቡም መጣባቸው። ምን ዓይነት ጽናት እንደሚጠይቅ አስቢው።

ሜሮን፦ በሃይማኖት ትምህርት ባልስማማም እንደዚያ የሚናገር አባት በየቤተ ክርስቲያኑ ብናገኝ ደስ ይለኛል። እሺ፣ ወደ ካቴድራሉ እንሂድ። አንተ ነህ የሄድከው።

ዳንኤል፦ ዊስኮንሲን አቬኒው ላይ ያለው ትልቁ ድንጋይ ሕንፃ ነው። በ1907 ተጀምሮ በ1990 ነው የተጠናቀቀው፣ ልክ በ83 ዓመቱ፣ ሁለቱም ሴፕቴምበር 29 ቀን። በ2011 የመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ ጫፍ ጫፉ ረግፎ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት ደረሰበት፣ ጥገናው እስከዛሬ አላለቀም። ጃንዋሪ ላይ የጂሚ ካርተር ቀብር ሥነ ሥርዓት የተደረገውም እዚያው ነው።

ሜሮን፦ መስኮቶቹን ንገራቸው።

ዳንኤል፦ አዎ፣ እሱን ነው ማለት የፈለግኩት። ድሮ በደቡቡ ግድግዳ ላይ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለባርነት የተዋጉት የጄኔራል ሊ እና የጄኔራል ጃክሰን ምስል ያለበት ባለቀለም መስታወት ነበር። በ2017 አወረዱት። በ2023 በቦታው የጥቁሩን ሰዓሊ የኬሪ ጄምስ ማርሻልን ሥራ አስገቡ። ሰልፍ ነው የሚታየው፣ ጥቁር ሕዝብ መፈክር ይዞ ሲሄድ። አንዱ መፈክር ላይ «ፍትሐዊነት» የሚል አለ። ሲጠጉ የሚገርመው የሰልፈኞቹ ፊት በመፈክሩ ተሸፍኗል። ማን እንደሆኑ አታውቂም፣ እጃቸውን ነው የምታዪው፣ የልብሳቸውን ቀለም ነው የምታዪው። ቆሜ ብዙ አየሁት። እኛም በየኤምባሲው ፊት እንደዚያ ቆመናል።

ሜሮን፦ ለጉብኝት ከሆነ ቲኬት ይከፈላል፣ ለጸሎት ከሆነ ግን በነጻ ነው። አሁን መጪዎቹን እንንገራቸው።

ዳንኤል፦ ቅርቡ አድቬንት ነው፣ የገና ዝግጅት ጊዜያቸው። ዘንድሮ ኖቬምበር 30 እሑድ ይጀምራል። የኛ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15፣ ማለት ኖቬምበር 24 ይገባል። በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለታችንም ልደቱን መጠበቅ እንጀምራለን። የነሱ ገና ዲሴምበር 25 ነው፣ የኛ ታኅሣሥ 29። ካቴድራሉ በገና ዋዜማ በጣም ስለሚሞላ መሄድ የምትፈልጉ ድረ ገጻቸውን ቀደም ብላችሁ እዩ።

ሜሮን፦ ጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ የሀገረ ስብከቱ ዓመታዊ ጉባኤ አለ። ይሄ ለሰበካ ጉባኤ አባላት ትምህርት ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እያንዳንዱ አጥቢያ ቄሱን ብቻ ሳይሆን ምእመን ተወካይም መርጦ ይልካል። በጀቱ ፊታቸው ይቀርባል፣ ይከራከሩበታል፣ ድምፅ ይሰጣሉ። ጳጳስ ሲመረጥም እንደዚሁ ነው። ቀሳውስቱ ለብቻ፣ ምእመናኑ ለብቻ ይመርጣሉ። በአንድ ዙር ከሁለቱም ወገን አብላጫ ድምፅ ያላገኘ አያልፍም። ቢያልፍም የሌሎቹ ሀገረ ስብከቶች ፈቃድ መጨመር አለበት።

ዳንኤል፦ በኛ አካባቢ ስንት አጥቢያ በገንዘብና በሹመት ጉዳይ ተካስሶ ለሁለት ተከፈለ! ሒሳቡ ሁሉም ፊት ቢዘረጋ ስንቱ ጠብ ይቀር ነበር።

ሜሮን፦ ከዲሲ ወጣ ስንል ደግሞ የካንተርበሪ ዜና አለ። የዓለም አንግሊካኖች እንደ ቀዳሚ የሚያዩት የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ነው። ኦክቶበር 3 ሳራ ሙላሊ ተሰየሙ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የለንደን ጳጳስ ነበሩ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ነርስ። ማርች 25፣ 2026 ካንተርበሪ ላይ መንበራቸውን ይይዛሉ ተብሎ ቀን ተቆርጧል።

ዳንኤል፦ ሁሉም አልተቀበላቸውም። ጋፍኮን የሚባለው ወግ አጥባቂው ኅብረት፣ ሩዋንዳና ናይጄሪያ ያሉበት፣ ኦክቶበር 16 ከካንተርበሪ ጋር ያለንን ነገር ጨርሰናል የሚል መግለጫ አውጥቷል። ማርች ላይ አቡጃ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ በአንድ ወር ውስጥ ካንተርበሪና አቡጃ። በነገራችን ላይ እኛም አገር አንግሊካኖች አሉ። ጋምቤላ ውስጥ ኑዌርና አኙዋክ ምእመናን፣ ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱትም ጭምር፣ አዲስ አበባም የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሚተዳደሩት በ2020 በተቋቋመው የአንግሊካኖቹ የእስክንድርያ ክፍለ ግዛት ሥር ነው።

ሜሮን፦ ይሄ ጉዳይ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይወጣዋል። ለዛሬ አንድ አስቸኳይ ነገር ይቀረኛል። በጀት ሳይጸድቅለት የፌዴራል መንግሥት ሥራ ከተዘጋ ከአንድ ወር በላይ ሆነ፣ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ የፉድ ስታምፕ፣ ማለት የመንግሥት የምግብ ድጎማ፣ ክፍያ ተስተጓጉሏል። እዚህ አካባቢ የፌዴራል ሠራተኛ ብዙ ነው፣ ኡበር የሚነዳው የኛ ሰው ገቢም አብሮ ቀንሷል። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት፣ ኤፒስኮፓሎቹም ጭምር፣ ምግብ ያድላሉ።

ዳንኤል፦ ምግብ የቸገራችሁ ሳታፍሩ ሂዱ። የማን ሃይማኖት ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መስጠት የምትችሉ ደግሞ ሩዝ፣ ምስር፣ ዘይት፣ የሕፃን ወተት፣ ዳይፐር ይፈለጋል። ጊዜው ያለፈበት ጣሳ አትውሰዱ፣ ይጥሉታል።

ሜሮን፦ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ካሉ አብራችኋቸው ሂዱ፣ ፎርም ሙሉላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ጋምቤላን ይዘን እንመጣለን።

ዳንኤል፦ በሰላም ቆዩን።