ከሜዳ ወደ ጉባኤ አዳራሽ፦ በቀድሞ እግር ኳስ ተጫዋቾች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሊቀ መንበሩ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
ክቡራን እንግዶቻችን፣

ጥሪያችንን አክብራችሁ በመገኘታችሁ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። በየዓመቱ ስንገናኝ የቀድሞው ጨዋታና የቀድሞው ዋንጫ መነሳቱ የተለመደና ተገቢም ነው። ዘንድሮ ግን ኮሚቴው ተጫዋች ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ለስፖርቱ አስተዳደር ምን ሊያበረክት ይችላል የሚለውን ጥያቄ ዋና አጀንዳ አድርጎ ያቀረበ ሲሆን፣ እኔም ለዚህ ከቀድሞው ተጫዋችና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሥራ ዘመን የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥማቸውና በዜማቸው ስመ ጥር የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአጥቂነት ለረጅም ዓመታት ተጫውተዋል፤ ለብሔራዊ ቡድናችንም ተሰልፈዋል። ስለ ተጫዋችነታቸው ከእኔ አብልጠው የሚናገሩ ታላላቆቻችን በዚህ አዳራሽ ስላሉ፣ እኔ ከሜዳ ከወጡ በኋላ ወደ ሠሩት አልፋለሁ።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት፣ አቶ ይድነቃቸው ኢትዮጵያን ወክለው ከተገኙት አንዱ ነበሩ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ፣ በጠቅላላው አራት አገሮች ብቻ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን አቀላቅላ ለማሰለፍ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያም በዚህ ምክንያት ሳትጫወት ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ ዲባ ነበር። ሦስት ቡድን ብቻ ቀርቶት የተካሄደውን ያን ውድድር እንደ ትንሽ ነገር የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን ገና በእግሩ ያልቆመ ድርጅት ከአራት አባላቱ አንዱን ለመርህ ሲል ማጣቱን እንደ ታላቅ ድፍረት እቆጥረዋለሁ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድናችን በፍጻሜው ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኖ፣ በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ይሁንና በእኔ እምነት የአቶ ይድነቃቸው ትልቁ ጨዋታ የተካሄደው በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድ ቦታ እንኳ ለብቻዋ አልሰጠም ነበር፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከሌሎች አህጉራት አሸናፊ ጋር ደግሞ መጋጠም ነበረበት። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን በመቃወም ግንባር ቀደም ሆኑ፤ የአፍሪካ አገሮችም በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ለ1970ው ውድድር አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ወደ ሜክሲኮ ሄደች። በ1982 ደግሞ ቦታው ሁለት ሆነ። ዛሬ የአፍሪካ ቡድን በዓለም ዋንጫ ሲሰለፍ እያየን የምንደሰተው ያ አቋም በመወሰዱ ጭምር ነው።

በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ላይ የተደረገው ትግልም እንዲሁ ረጅም ነበር። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳለፈውን እገዳ በ1963 አነሳ፤ በሚቀጥለው ዓመት በቶኪዮ ጉባኤ አፍሪካውያን ተባብረው ባሰሙት ድምፅ እገዳው ተመለሰ፤ በ1976ም ደቡብ አፍሪካ ጨርሳ ተባረረች። አቶ ይድነቃቸው ከ1972 ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ይህን ጉዳይ ለአፍታም አልተዉትም።

በአንድ ነገር ግን ከእርሳቸው ጋር አልስማማም። ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መሄዳቸው የአፍሪካን እግር ኳስ ያዳክማል ብለው አጥብቀው ያምኑ ነበር፤ በአፍሪካ ዋንጫም አንድ ቡድን ከሁለት በላይ በውጭ የሚጫወቱ እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ እስከ እ.ኤ.አ. 1982 ድረስ ነበር። ስጋታቸው እውነት ነበረው፤ ሆኖም የተጫዋች ዕድሜ አጭር መሆኑን እኛ በራሳችን ኑሮ ስለምናውቅ፣ እንጀራውን ፍለጋ የሚሄደውን ወጣት ማገድ መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ በፕሬዚዳንትነታቸው ቆይተዋል። የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫም በስማቸው ተሰይሞ ነበር።

ክቡራን አባላት፣

ከመካከላችን አሠልጣኝ የሆኑ ብዙ ናቸው፤ ደንብ የሚያረቅ፣ በጀት የሚያነብ፣ በጉባኤ ተነስቶ የሚከራከር ግን ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት የተጫዋቾች ውልና ዝውውር፣ የጉዳተኞች ሕክምና፣ የሜዳዎች ሁኔታ ሲወሰን ብዙ ጊዜ በአዳራሹ አንገኝም። ስለዚህ ኮሚቴው ጫማቸውን ለሚሰቅሉ አባላት በስፖርት ሕግ፣ በቃለ ጉባኤ አያያዝና በፋይናንስ መሠረታዊ ሥልጠና እንዲሰጥ፣ እንዲሁም በየቤታችን ያሉት ደብዳቤዎችና ፎቶግራፎች በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ተሰብስበው እንዲጠበቁ የውሳኔ ሐሳብ አቅርቧል። ሰነዱ በእጃችሁ ይገኛል፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ አንቀጽ በአንቀጽ እንወያይበታለን።

ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።