ገንዘቡ በስሟ ይግባ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ዛሬ ሰኔ 9 ነው፤ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጁን 16። ይህ ቀን በዓለም አቀፍ ደረጃ ሁለት ጊዜ ይከበራል። በአንድ በኩል የቤተሰብ ሐዋላ ቀን ነው። በሌላ በኩል የቤት ሠራተኞች ቀን ነው፤ የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ቤት ሠራተኞች የወጣውን ስምምነት ቁጥር 189 ያጸደቀው እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 2011 ነውና። ቀኑ አንድ ሆኖ ሳለ አዳራሹን ሁለት አድርገነዋል። በአንዱ ስለ ገንዘቡ ይመከራል፤ በሌላው ስለ ሠራተኛዋ። ገንዘቡን የላከችው ያቺው ሠራተኛ ናት!

እኛ በዚህ ሥራ የቆየን ሰዎች ቁጥሩን በቃላችን እንወጣዋለን። እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የተላከው ሐዋላ ከ650 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ከመንግሥታት የልማት ዕርዳታ እጥፍ ይበልጣል። ስብሰባ በከፈትን ቁጥር ይህን እንጠቅሳለን፣ እናጨበጭባለን፣ ወደ ሻይ ዕረፍት እንወጣለን። ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ለመናገር ነው፦ ከአገሯ ወጥታ የምትሠራ ሴት ያገኘችው ገንዘብ በራሷ ስም፣ ከመሄዷ በፊት በተከፈተ ሂሳብ መግባት አለበት። ይህ ካልሆነ ሐዋላው የቤተሰብን ኑሮ ሊያሻሽል ይችላል፤ የእሷን ግን አያሻሽልም።

እንዴት እንደሚበላሽ በቅርብ እንየው። ቪዛው ሲመጣ ቀኑ አጭር ነው፤ የሕክምና ምርመራ አለ፣ አሻራ አለ፣ ውል መፈረም አለ። የባንክ ነገር ይረሳል። «ሂሳብ እኔ አለኝ፣ በእኔ ላኪው» ይላል አባት ወይም ባል ወይም ወንድም፤ ክፋት የለበትም፣ የሚታየውም ቀላሉ መንገድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ ለጉዞው የተወሰደውን ብድር ይከፍላል። ቀጥሎ የልጆች ትምህርት ቤት ይመጣል፣ ቀጥሎ ሕመም፣ ቀጥሎ ሠርግ። ከእነዚህ አንዱን እንኳ አባካኝነት ነው የሚል ሰው አይገኝም። ከዚያ ቤት ይገዛል። ለመፈረም በአካል መቅረብ ያስፈልጋል፤ እሷ የለችም፣ ውክልናም አልሰጠችም፤ ስለዚህ ቤቱ በቀረበው ሰው ስም ይመዘገባል። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ወንድሟ አግብቶ ወልዶ እዚያው ይኖራል። በእጇ የቀሩት የሐዋላ ደረሰኞች ናቸው። ደረሰኙ ለወንድሟ ገንዘብ መላኳን ይመሰክራል፤ ገንዘቡ ለቤት መግዣ እንደነበር ግን አይናገርም። «ስጦታ ነው የላከችልኝ» ቢል በምን ታስተባብላለች? ብዙዎቹ ወደ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ እንደገና ለስደት ይመዘገባሉ። ይህን ዙር ነው «የሐዋላ ዕድገት» ብለን የምንመዘግበው!

መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግን ይጠይቃል። ከመሳፈሯ በፊት ሁለት ሂሳብ ይከፈት፤ አንዱ ለቤተሰብ ወጪ፣ አንዱ ማንም የማያንቀሳቅሰው የእሷ ቁጠባ። ስሙ በፓስፖርቷ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ይሁን፤ አንድ ፊደል ቢለያይ ገንዘቡ ሊታገድ ወይም ሊመለስ ይችላል። ከምትልከው ገንዘብ ስንቱ ለቤት፣ ስንቱ ለራሷ እንደሚሆን ከመሄዷ በፊት ቤተሰቡ ባለበት ይወሰን፤ በስልክ የሚያለቅስን ሰው እምቢ ማለት ከባድ ነው። ለንብረት ግዢ ጠቅላላ ውክልና አትስጥ፤ ለተጠቀሰ ሥራና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ መሸጥንና ማስያዝን የማይጨምር ልዩ ውክልና ይበቃል። ሰነዱም ግዢው በእሷ ስም እንደሚፈጸም በግልጽ ይናገር።

ብዙ ሥልጠና የማይነካው ደግሞ ስልኩ ነው። የአገር ቤት ሲም ካርድ ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። የባንኩ የማረጋገጫ ኮድ በዚያው ቁጥር መሄዱን ይቀጥላል። እሷ ከሂሳቧ ትቆለፋለች፣ ኮዷ የማታውቀው ሰው ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ በውጭ የምታወጣውን ቁጥር በባንኩ የምታስለውጥበት መንገድ ከመነሻው ይታወቅ፤ ባንኩም «በአካል ካልቀረብሽ አይሆንም» አይበል። ሁለት ዓመት ባሕር ማዶ ያለችን ሴት በአካል ቅረቢ ማለት አገልግሎት መከልከል ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ደመወዟ እጇ ሲገባ ነው። ስምምነት 189 ክፍያ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ በቀጥታ ለሠራተኛዋ እንዲሰጥ ያዛል፤ ፓስፖርቷንና መታወቂያዋን ራሷ የመያዝ መብትም ይሰጣታል። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ገንዘብ አስተላላፊው መታወቂያ ይጠይቃል፤ መታወቂያው አሠሪው መሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈ መላክም ሂሳብ መክፈትም አትችልም፣ በአሠሪዋ በኩል ለመላክ ትገደዳለች። «ውልሽ ሲያልቅ አንድ ላይ እሰጥሻለሁ» የሚል አሠሪ እየቆጠበላት አይደለም፤ ያለ ወለድ እየተበደራት ነው፣ ያውም ሳያስፈቅዳት! የመኖሪያ ፈቃዷን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረው የካፋላ ሥርዓት ባለበት ደግሞ ልክስስ ብትል መጀመሪያ የምታጣው ፈቃዷን ነው።

ስለ ማስተላለፊያ ዋጋ ብዙ ተብሏልና አላረዝምም። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ይላሉ፤ 200 ዶላር ለመላክ የዓለም አማካይ አሁንም ከ6 በመቶ በላይ ሆኖ ቆይቷል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቋሚ ክፍያው 5 ዶላር ከሆነ 200 ለሚልክ ሰው 2.5 በመቶ ነው፤ 50 ለምትልክ 10 በመቶ ይሆናል። ደመወዛቸው አነስተኛ የሆነ፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ የሚልኩ ሴቶች ብዙውን ይከፍላሉ። በምንዛሪ ተመኑ ውስጥ የተደበቀውም አለ፤ «ያለ ክፍያ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ በመጨረሻ ተቀባዩ እጅ ስንት እንደሚገባ ጠይቁ።

መንግሥታትስ? ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቤት ሠራተኞች የገቢያቸውን ግማሽ በአገሪቱ ባንኮች እንዲልኩ አስገድዳ ነበር፤ ያልላከች ፓስፖርቷ አይታደስም። ሆንግ ኮንግ ያሉ ሠራተኞች ተደራጅተው ታገሉ፣ ቅጣቱም እ.ኤ.አ. በ1985 ተነሣ። ኔፓል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ30 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት እንዳይቀጠሩ ከለከለች፤ ሴቶቹ በሕንድ በኩል ያለ ሕጋዊ ሰነድ ሄዱ። ማስገደዱም መከልከሉም ሳያማክሯት የተወሰነ ነው።

መረጃውም እንዲሁ እሷን ይረሳል። ስትልክ በመስኮቱ የቀረበው መታወቂያ ላይ ፆታዋ ተጽፏል፤ አገር ከውጭ ያገኘችውንና ወደ ውጭ የከፈለችውን የሚያሳየው የክፍያ ሚዛን ሪፖርት ላይ ሲደርስ ግን ድምሩ ብቻ ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ የሐዋላ መመሪያው ረቂቅ ይቀርብላችኋል። ረቂቁ ስለ ክፍያ፣ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ውድድር ይናገራል፤ ሂሳቡ በማን ስም እንደሚከፈት አንድ መስመር የለውም። ሦስት ነገር እንዲገባ እጠይቃለሁ፦ ከጉዞ በፊት በሠራተኛዋ ስም ሂሳብ መክፈት የቅጥር ሂደቱ አካል ይሁን፤ ወጪውን አሠሪው ይሸፍን፤ ባንኮች የስልክ ቁጥር ለውጥን ከርቀት ይቀበሉ። ይህ ካልተጨመረ ረቂቁ እንዳይጸድቅ ድምፄን እሰጣለሁ፤ እናንተም እንድትሰጡ እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።