ከወገቤ በስተኋላ የነበረው ገመድ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ከእጅ መዳፍ ስለምታንስ አንዲት የፕላስቲክ ክዳን ነው። ስኩባ የምንጠልቅ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክመን ውሃ ውስጥ የምንወርድ ሰዎች በምንለብሰው ተንሳፋፊ ጃኬት ላይ ስላለችው የአየር ማስወጫ ቫልቭ፣ በተለይም የተገጠመችበት ቦታ ስለሚያመጣው ጣጣ።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ጃኬቱ አየር የሚይዝ ከረጢት አለው። ጠላቂው ወደ ታች በወረደ ቁጥር የውሃው ግፊት ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አየርም ሆነ የለበሰውን የጎማ ልብስ ስለሚጨምቀው ሰውነቱ እየከበደው ይሄዳል፤ ስለዚህም በግራ እጁ የያዘውን መንፊያ ተጭኖ ከሲሊንደሩ ጥቂት አየር ወደ ጃኬቱ ያስገባል። ወደ ላይ ሲመለስ ደግሞ ያው አየር እየሰፋ ስለሚመጣ በየደረጃው መለቀቅ አለበት። ለዚህ ሲባል ብዙዎቹ ጃኬቶች ሦስት መውጫ አላቸው፤ አንዱ በግራ ትከሻ ከመንፊያው ቱቦ ጋር፣ ሁለተኛው በቀኝ ትከሻ፣ ሦስተኛው ከኋላ በስተታች፣ ኩላሊት አካባቢ። የቀኝ ትከሻውና የኋላው የሚከፈቱት ጫፉ ላይ ትንሽ ድቡልቡል መያዣ ያለበትን ገመድ በመሳብ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የምኖረው በእስራኤል ደቡባዊ ጫፍ፣ በኤላት ነው። እዚያ ሳቲል የሚባል የሰመጠ መርከብ አለ። የባሕር ኃይሉ የሚሳኤል ጀልባ የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1994 ሆን ተብሎ እንዲሰምጥ ተደርጎ ዛሬ የጠላቂዎች መዳረሻ ሆኗል። ጥልቀቱ 24 ሜትር ገደማ ነው። መጥለቅ በጀመርሁበት ዓመት በተከራየሁት ጃኬት እዚያ ወርጄ፣ ከጓደኛዬ ጋር አሸዋማውን ዳገት ተከትለን ቀስ እያልን ስንመለስ፣ 12 ሜትር ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ ከድንጋይ ሥር ጅራቱን ብቻ አውጥቶ ተኝቶ አየሁ። እሱን ለማየት ጭንቅላቴን ወደ ታች ደፋ፣ እግሬን ወደ ላይ ከፍ አደረግሁ።

ወደ ላይ መሳቤ የተሰማኝ ያኔ ነው። እንደተማርሁት የግራውን ቱቦ አንስቼ የመልቀቂያውን ቁልፍ ተጫንሁ፤ ምንም አልወጣም። የቀኝ ትከሻዬን ገመድ ሳብሁ፤ ሁለት ጥቃቅን አረፋዎች ወጥተው ቀሩ። ሦስተኛውን ፍለጋ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ዳሌዬን ብደባብስም ገመዱ የለም። በኋላ እንደታየው ከእኔ በፊት የተከራየ ሰው አሳጥሮ ከኪሱ ሥር ወትፎታል፤ አከራዮቹም አላዩትም፣ እኔም አላየሁም። እስከ ላይ ድረስ አየር ከሳንባዬ እያስወጣሁ፣ ጥልቀትንና የመውጫ ፍጥነትን የሚከታተለው በእጄ ያለው የጠላቂ ኮምፒውተር እየጮኸ፣ ወደ ፀሐዩ ብቅ አልሁ። አምስት ሜትር ላይ ለደኅንነት ልናደርገው ያሰብነውን የሦስት ደቂቃ ቆይታ ጓደኛዬ ብቻውን አደረገው። ደግነቱ ምንም አልሆንሁም፤ ሆኖም ኦክስጅን እየሳብሁ በጥላ ሥር ተቀመጥሁ፣ በዚያን ቀን ሁለተኛ አልጠለቅሁም።

ያሰለጠነኝ ሰው እንደ እኔው ከኢትዮጵያ የመጣ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ነው። ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ወንድሜ፣ ጭንቅላትህ ወደ ታች ከሆነ ትከሻህን ምን ብትጎትተው አየር አይወጣም፤ አየሩ እዚያ የለማ!» አለኝ። ወዲያው ትዝ ያለኝ ልጅ ሳለሁ ከወንዝ ውሃ የቀዳሁበት ጀሪካን ነው። አፉን ደፍታችሁ ወደ ውሃው ብታስገቡት አይሞላም፤ አፉ ከሌላው አካሉ ሁሉ ከፍ እንዲል ስታዘነብሉት ግን ቡልቅ ቡልቅ እያለ አየሩ ይወጣል፣ ውሃውም ይገባል። ጃኬቱም ያው ጀሪካን ነው። በዚያች ቅጽበት ትከሻዬ ላይ የነበሩት ሁለቱ ቫልቮች ላም አለኝ በሰማይ ሆነውብኝ ነበር፤ ከፍ ብሎ የነበረው ዳሌዬ ነው፣ አየሩም ሁሉ እዚያ ተከማችቷል። ቀጥ ብዬ ብቆም ኖሮ በትከሻዬ በኩል ይወጣልኝ ነበር፤ ይህ ግን የተገለጠልኝ ደረቅ መሬት ላይ ነው።

ሂሳቡንም ሠርቼዋለሁ። ግፊት በባር ይለካል፤ ከውሃው ወለል አንድ ባር ያህል ሲሆን 24 ሜትር ላይ ያለው ጠቅላላ ግፊት 3.4 ባር ያህል ነው። እዚያ ሦስት ሊትር የነበረ አየር ሳይለቀቅ ቢወጣ አሥር ሜትር ላይ አምስት ሊትር፣ ከውሃው ወለል ሲደርስ ደግሞ ከአሥር ሊትር በላይ ይሆናል። እያንዳንዱ ሊትር ወደ አንድ ኪሎ ገደማ የሚጠጋ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል አለው። አደገኛው ክፍል የመጨረሻዎቹ አሥር ሜትሮች የሚሆኑት ለዚህ ነው፤ በነሱ ውስጥ አየሩ በእጥፍ ይሰፋል። አሰልጣኞች በደቂቃ ከዘጠኝ ሜትር፣ አንዳንዶቹም ከ18 ሜትር በላይ አትውጡ የሚሉት ፍጥነት በእንዲህ ያለ ሁኔታ በቅጽበት ይታለፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከቫልቮቹ ቢያንስ አንዱ ግፊት ሲበዛበት በራሱ የሚከፈት ስለሆነ «ችግር የለም፣ ራሱ ያስተነፍሳል» የሚሉ አሉ። ያ ቫልቭ የሚከፈተው ከረጢቱ እስከ አፉ ሞልቶ ሲወጠር ነው፤ ሥራው ከረጢቱ እንዳይፈነዳ መጠበቅ እንጂ ጠላቂውን ማዘግየት አይደለም። እሱ እስኪከፈት ጠላቂው ከውሃው ወለል ደርሷል።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት በመዋኛ ገንዳ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ፣ ተገልብጬ፣ በጎኔ ሆኜ ሦስቱንም ስከፍት ስዘጋ ከረምሁ። ለአብዛኛው ጊዜ የምንዋኘው በአግድም ስለሆነ በብዛት የሚጠቅመኝ የኋላው መሆኑ ገባኝ፤ ይሁንና በጀማሪነቴ ከሁሉም ያነሰ ልምምድ ያደረግሁት በሱ ነበር፣ ይህም በሥልጠናው አሰጣጥ ላይ ያለኝ ቅሬታ ነው። ከጀርባ ብቻ የሚነፋውን፣ ዊንግ የሚባለውን ዓይነት የሚጠቀሙ ደግሞ የከረጢቱን ቅርጽ ማወቅ አለባቸው። ክብ ቀለበት ከሆነ አየሩ ከቀኝ ወደ ግራ በታችም ሊሻገር ይችላል፤ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ካለው ግን ሁለቱ ጫፎች ከታች አይገናኙም፣ ስለዚህ ቫልቩ በግራ ጫፍ ሆኖ በቀኝ በኩል የታጎረው አየር በላይ ዞሮ ካልመጣ አይወጣም። ቫልቩ በግራ በኩል ከሆነ ግራ ጎን ከፍ እንዲል በትንሹ መንጋደድ ይበጃል፤ እጅግ ትንሽ ነው፣ ውጤቱ ግን ወዲያው በአረፋው ይታያል።

በቀዝቃዛ ውሃ ውሃ የማያስገባውን ደረቅ ልብስ የሚለብሱ ጠላቂዎች ይህን ሕግ ከእኛ ቀድመው ይማሩታል፤ የልብሱ ማስወጫ በግራ ክንድ ላይኛው ክፍል ስለተሰፋ ክርናቸውን ካላነሱ አይተነፍስም።

አሁን ጃኬቱ የራሴ ነው። የኋላውን ገመድ መያዣ አውልቄ በወፍራም ጓንትም ቢሆን በዳበሳ እንዳገኘው ትልቅ ቋጠሮ ቋጥሬበታለሁ፤ ውሃ ከመግባቴ በፊትም ዓይኔን ጨፍኜ ሦስቱንም በእጄ እነካቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ይኸው ቫልቭ ቀስ በቀስ አየር እያፈሰሰ አስቸገረኝ። ቤት ገብቼ በንጹሕ ውሃ ሳጥበው ክዳኑን ፈታሁት፤ ከጎማው ዲስክና ከመቀመጫው መካከል አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ተሰንቅራ አገኘኋት። በጥፍሬ አነሳኋት፣ መልሼ ገጠምሁት፣ ነፍቼም ሌሊቱን በረንዳ ላይ አሳደርሁት፤ ጠዋት እንደተነፋ ነበር።