ዜኒክስ፦ ዩኒክስ ወደ ግል ኮምፒውተር ሲገባ ምን ተጨመረለት?

[ምስል፦ በጣና ዳር፣ የባሕር ዳር ጀልባ መነሻ]

ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በሚሄደው ጀልባ ላይ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል እንበል። ሁለት ትኬት ቆራጮች ከአንድ ኮምፒውተር ጋር በተያያዙ ሁለት ተርሚናሎች (ስክሪንና ኪቦርድ) ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ፋይሉን ከፍተው ወንበሩ «ክፍት» መሆኑን ካነበቡ፣ ሁለቱም «ተሽጧል» ብለው ይጽፋሉ፤ ለአንድ ወንበርም ሁለት መንገደኛ ይመጣል።

ዩኒክስ ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒውተርን በአንድ ጊዜ እንዲጠቀሙ የሚያስችል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የቤል ላብስ (የአሜሪካው ስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ የምርምር ክፍል) ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ይህን የሚከለክልበት ስልት አልነበረውም። ፕሮግራመሮች «ተይዟል» ለማለት ያህል ሌላ ባዶ ፋይል ይፈጥሩ ነበር፤ ይህ ግን የሚያገለግለው ሁሉም ፕሮግራም ምልክቱን እስካከበረ ድረስ ብቻ ነው።

ማይክሮሶፍት ከኤቲ ኤንድ ቲ ፈቃድ ገዝቶ በ1980 ዜኒክስ የተባለውን የራሱን የዩኒክስ ዓይነት ሲያስተዋውቅ («ዩኒክስ» በሚለው ስም መሸጥ አልተፈቀደለትም)፣ የታሰበው ገበያ ቢሮ ነበር። ስለዚህ የፋይልን ክፍል መቆለፍ የሚያስችል የሲስተም ጥሪ (ፕሮግራም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አገልግሎት የሚጠይቅበት መንገድ) ተጨመረበት። ፕሮግራሙ ከፋይሉ ውስጥ የሚፈልጋቸውን ባይቶች ብቻ ይጠይቃል፤ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ይቆልፍለታል፤ ሁለተኛው ጠያቂ ወይ ይጠብቃል ወይ ወዲያው እምቢታ ይደርሰዋል። በእኔ ግምት ከተጨማሪዎቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

[ምስል፦ ጥቁር ስክሪን፣ ኪቦርድ]

ለዓይን የሚታዩትም አሉ። ኤስሲኦ የተባለው ኩባንያ ለአይቢኤም ፒሲ ባዘጋጀው ዜኒክስ፣ ኦልትን ከኤፍ ቁልፎች ጋር በመጫን በአንድ ሞኒተር ላይ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው መዝለል ይቻል ነበር፤ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሊኑክስ የሚማር ተማሪ ይህን ልማድ ያውቀዋል። ከዶስ (የፒሲው የተለመደ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ፍሎፒ ዲስክ ፋይል የሚገለብጡ ትእዛዞችም ነበሩት፤ ከበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ቪአይ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃም ተካቷል።

ሶፍትዌር ግን የሃርድዌርን ጉድለት አይሞላም። በመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ውስጥ ያለው 8088 ፕሮሰሰር የማስታወሻ ጥበቃ ስላልነበረው፣ አንድ የተሳሳተ ፕሮግራም የሌላውን፣ አልፎም የከርነሉን ማስታወሻ ሊያበላሽ ይችል ነበር፤ ይህ ጥበቃ የመጣው በ1984 የወጣው ፒሲ ኤቲ በያዘው በ286 ፕሮሰሰር ነው።

በ1987 ማይክሮሶፍትና ኤቲ ኤንድ ቲ ዜኒክስን ከሲስተም ፋይቭ (የኤቲ ኤንድ ቲ የራሱ ዩኒክስ) ጋር ለማዋሐድ ተስማሙ፤ በዚህም መሠረት በወጣው እትም 3.2 ለዜኒክስ የተሠሩ ፕሮግራሞች እንደገና ሳይጻፉ በ386 ማሽኖች ላይ መሥራት ቻሉ።