ስለ ግንብ ማን ጠየቀ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? ከታሪክ ጥቅሶች መካከል እኔን የሚስቡኝ አምረው የተነገሩት ሳይሆኑ ተናጋሪያቸውን ዞረው የነከሱት ናቸው። ዛሬ የማነሣቸው ሁሉ ስለ አንድ ግንብ የተነገሩ ናቸውና ከበርሊን አንወጣም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 15 ቀን 1961 የምሥራቅ ጀርመን መሪ ዋልተር ኡልብሪሽት ለጋዜጠኞች መግለጫ ይሰጣል። ከምዕራብ ጀርመን የመጣች ጋዜጠኛ ተነሥታ፣ የአገራችሁ ድንበር በምሥራቅና በምዕራብ በርሊን መካከል ባለው በብራንደንቡርግ በር ላይ ሊሆን ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ስለ ድንበር ነው የጠየቀችው። እሱ ሆዬ፣ «ግንብ የመገንባት ሐሳብ ያለው ማንም የለም» ብሎ መለሰላት። ስለ ግንብ ማን ጠየቀ? ሳይጠሩት አቤት ማለት ይኸው ነው! ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ለኦገስት 13 አጥቢያ፣ ከተማዋን የሚከፍለው እሾሃማ ሽቦ ተዘረጋ፤ ግንቡም ተከተለ። ለሰውየው ጥቂት ልሟገትለትና፣ በዚያ ቀን የሞስኮ ፈቃድ ገና በእጁ አልነበረም። ምኞቱ ግን አፉን ቀድሞት ወጣ።

የግንቡን ሥራ የመራው ኤሪክ ሆኔከር በኋላ በኡልብሪሽት ወንበር ተቀመጠ። በጃንዋሪ 1989፣ ምክንያቶቹ እስካልተወገዱ ድረስ ግንቡ ከ50 ዓመትም ከ100 ዓመትም በኋላ ይኖራል ብሎ ተናገረ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር እሱ ራሱ ከሥልጣን ወረደ። ብዙ ሰው በዚህ ይሥቃል፤ እኔ ግን አልሥቅም። ከንግግሩ በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ክሪስ ጌፍሮይ የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ግንቡን ሊሻገር ሲሞክር በድንበር ጠባቂዎች ጥይት ተገድሏል።

ከሁሉም የምወደው ግን የምሥራቅ ጀርመን ገዥ ፓርቲ ቃል አቀባይ የነበረውን የጉንተር ሻቦቭስኪን መንተባተብ ነው። ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ በቀጥታ በሚተላለፍ መግለጫ ላይ፣ በቅጡ ያላነበበውን ወረቀት አውጥቶ ዜጎች ወደ ምዕራብ እንዲወጡ የሚፈቅደውን አዲሱን የጉዞ ደንብ ያነብባል። ደንቡ ይፋ መሆን የነበረበት በማግስቱ ነበር፤ እሱ ይህን አያውቅም። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጸናው ሲባል ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «እኔ እስከማውቀው ድረስ... ወዲያውኑ፣ ሳይዘገይ» አለ።

እስኪ አስቡት! አንዱ ክዶ፣ ሌላው ዘመን ቆጥሮለት የኖረውን ግንብ፣ ወረቀቱን በወጉ ያላየ ሰው «እስከማውቀው» ብሎ ናደው። የበርሊን ሕዝብ ይህን ሰምቶ ወደ መሻገሪያዎቹ ጎረፈ። በቦርንሆልመር ጎዳና ተረኛ የነበረው የድንበር መኮንን ሃራልድ ዬገር አለቆቹ ዘንድ ደጋግሞ ደወለ፤ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ የሚሰጠው አላገኘም። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በራሱ ኃላፊነት፣ በሩ እንዲከፈት አዘዘ።

ኡልብሪሽት በ1973 ስለ ሞተ ይህን አላየም። ሆኔከር ግን አይቷል። በሉ፣ ደኅና ሰንብቱ።