ሞተርን እስከ ቀዩ መስመር መርገጥ ይጎዳል ወይ?

ውድ አሽከርካሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

መኪና ከሚነዳ ሰው ሁሉ የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጬ የአርፒኤሙ፣ ማለትም ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚያሳየው ጌጅ፣ ቀስት ቀዩን መስመር ቢነካ ሞተሬ ይጎዳል ወይ? መልሴን ቀድሜ ልንገራችሁ። ሞተሩ ጤነኛ ነው እንበል። ዘይቱ ሙሉ ነው፣ በደንብ ሞቋል፣ መኪናውም በማርሽ እየሄደ ነው። እንዲህ ከሆነ አልፎ አልፎ ቀዩ ድረስ መሄድ አይጎዳውም። ሞተር የሚያበላሹት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ዛሬ እነሱን ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ።

አብዛኛው የቤንዚን መኪና ላይ ቀዩ የሚጀምረው በደቂቃ ከ6000 እስከ 7000 ዙር ባለው መካከል ነው። ናፍጣ ላይ ቀደም ይላል፤ 4500 ወይም 5000 አካባቢ። ይህን ወሰን ያስቀመጡት ሞተሩን የሠሩት መሐንዲሶች ናቸው። ለገበያ ከማቅረባቸው በፊት በሙሉ ጉልበት ለብዙ መቶ ሰዓታት እያሠሩ ይፈትኑታል። ስለዚህ ቀስቱ ቀዩን በነካ ቁጥር መደንገጥ አያስፈልግም።

ወሰኑ ግን በከንቱ አልተቀመጠም። በ6000 ዙር ፒስተኑ በሰከንድ 100 ጊዜ ይወጣል፣ 100 ጊዜ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ጫፍ ቆሞ ይመለሳል። ያን ሁሉ ጉተታ የሚችለው ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከኮሎው (ከሚሽከረከረው የሞተሩ ዘንግ) ጋር የሚያገናኘው ብረት ነው። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። ከቀዩ በላይ የምትጨመር ትንሽ ዙር በጣም የምትከብደው ለዚህ ነው። የአየርና የጭስ በር የሆኑት ቫልቮቹም አሉ። ቫልቩን የሚመልሰው ሞላ (ስፕሪንግ) ፍጥነቱ ሲበዛበት መድረስ ያቅተዋል። ቫልቩ ሳይዘጋ ፒስተኑ ከደረሰበት በብዙ ሞተሮች ላይ ይጋጫሉ። ያኔ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ማውረድ ግድ ነው።

የዛሬ መኪኖች ለዚህ መከላከያ አላቸው። ዙሩ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ቆረጥ ያደርጋል፤ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል እንጂ አያልፍም። ብዙ ሰው «በቃ፣ መኪናው ራሱን ይጠብቃል» የሚለው እዚህ ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይሄው ነው። ኮምፒውተሩ የማይጠብቃችሁ ቦታ አለና።

አንደኛው ቀዝቃዛ ሞተር ነው። መኪናው ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝም እንደ ማር ይወፍራል። ኮሎው ብሮንዚናው (የሚደገፍበት ስስ ብረት) ላይ በሰላም የሚዞረው በመካከላቸው ስስ የዘይት ንጣፍ ስላለ ነው። ያ ንጣፍ በደንብ ሳይዘረጋ ሞተሩን ማስጮህ ብረትን ከብረት ማፋጨት ነው። ፒስተኑ አሉሚኒየም ስለሆነ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ክፍተቱም የተለካው ለሞቀ ሞተር ነው። እዚህ ላይ የሙቀት ጌጁ ብዙ ሰው ያሳስታል። ጌጁ የሚያሳየው የውሃውን ሙቀት ነው። ውሃው ቶሎ ይሞቃል፤ ዘይቱ ግን ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ ቀስቱ መሃል ደረሰ ብላችሁ ወዲያው አትርገጡ። አስነስታችሁ ረጅም ጊዜ መቆምም አያስፈልግም። ትንሽ ጠብቃችሁ በቀስታ ውጡ፤ መጀመሪያ ላይ 10 ወይም 15 ደቂቃ ያህል ከ3000 ዙር በታች ንዱ። የሞተራችሁን ዕድሜ የምታረዝመው ይህች ልማድ ናት።

ቆሞ በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ማስጮህም አለ፣ በተለይ ወጣቶች የምትወዱት። ጭነት ስለሌለው ዙሩ በቅጽበት ይወጣል፣ በቅጽበት ይወርዳል። ምንም የሚገኝበት ጥቅም የለም። ብዙ አውቶማቲክ መኪኖች ቆመው ሳለ ወሰኑን ዝቅ የሚያደርጉት አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ነው። እባካችሁ ተዉት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የማርሽ ስህተት ነው። በሦስተኛ ማርሽ 6000 ዙር ላይ ናችሁ። አራተኛ ልታስገቡ ስትሉ እጃችሁ ሁለተኛ ውስጥ ገባ። ፍሪሲዮኑን ስትለቁ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ዙሩ ከ8000 ሊያልፍ ይችላል። ኮምፒውተሩ ነዳጁን ሁሉ ቢዘጋ እንኳ ጎማዎቹን ማቆም አይችልም። ቫልቭ የሚጣመመው፣ ቢየላ የሚሰበረው እንዲህ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እምቢ ይላል፤ ማንዋል ግን ያዘዛችሁትን ያደርጋል።

በተቃራኒው፣ የሞተር ጩኸትን ከሚገባው በላይ መፍራትም ጉዳት አለው። አንዳንዱ ሰው ዳገት ላይ በትልቅ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር እየረገጠ ሞተሩን ያስጨንቀዋል። ዙሩ ዝቅ ስላለ የቆጠበ ይመስለዋል። ብሮንዚናውና ፒስተኑ ግን ያን ጊዜ ከባድ ጫና ላይ ናቸው። ማርሽ ቀንሱለት።

ቁልቁለት ላይማ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሞተሩ እንዳይጮህ ብለው በፎሌ የሚወርዱ አሉ። ፍሬኑ ብቻውን ሸክሙን ሲይዝ ይግላል፣ ከዚያም አልይዝ ይላል። እባካችሁ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ትንሽ ማርሽ አስገቡ። እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ፤ ሞተሩ 4000 ዙር ላይ ቢጮህ ተዉት ይጩህ። ቀዩን እስካላለፈ ድረስ አይጎዳም፤ ዘመናዊ ሞተር እንዲያውም ያኔ ነዳጅ ጭራሽ አያቃጥልም።

በስህተት ማርሽ ገብታችሁ ዙሩ ከቀዩ ካለፈ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ወዲያው ርገጡ። ደህና ቦታ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። እንግዳ ድምፅ ሰምታችሁ ከሆነ ወይም የዘይት መብራት ከበራ መልሳችሁ አታስነሱት፤ አስጎትታችሁ መካኒክ ያሳዩት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።